ካታንጋ ሲጮኽ ምን ይፈጠራል?

አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ ሰው መቀመጫዎቹን በስም ይጠራቸዋል፤ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ፣ ጥላ ፎቅ። የከተማዋ ተቀናቃኝ ክለቦች ጊዮርጊስና ቡና እዚያ ሲገናኙ ተጫዋቾቹ ከመልበሻ ክፍል ሳይወጡ ሕዝቡ ዘፍኖ ይደክም ነበር፤ ደክሞም ይቀጥል ነበር። ማታ ድምፁ ተዘግቶ ቤቱ የሚገባ ደጋፊ «አሸነፍን» ይላል እንጂ «አሸነፉ» አይልም። ኳስ አልነካም፣ አልሮጠም፤ ድሉ ውስጥ ግን ድርሻ እንዳለው ያምናል።

በርግጥ ድርሻ አለው? ካለውስ ጩኸቱ ሜዳ ሲደርስ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የመረመሩ ሰዎች አሉ፤ ያገኙት መልስም ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይለያል።

ባለሜዳ ቡድን አብዝቶ እንደሚያሸንፍ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያውቃል። ችግሩ ምክንያቱ ብዙ መሆኑ ነው። እንግዳው ረጅም መንገድ ተጉዟል፣ በሰው ከተማ አድሯል፣ ሜዳውን አልለመደውም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነ ከፍታ አለ፤ ከቆላ የመጣ ቡድን ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ረቱ። በመልሱ ጨዋታ የተገኘው ይህ ድል የመጀመሪያውን የ5 ለ 3 ሽንፈት ሽሮ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አሳለፋቸው። ያንን ውጤት ያመጣው ሕዝቡ ነው? ከፍታው ነው? ወይስ ግቦቹን ያስቆጠሩት የአዳነ ግርማና የሳላዲን ሰይድ እግር? አንድ ጨዋታ ይዞ ይህን መለየት አይቻልም።

ለመለየት ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሕዝቡን ብቻ ማውጣት ያስፈልጋል። በፈቃዱ ይህን የሚያደርግ ክለብ የለም፤ አጋጣሚው የመጣው በክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ፣ ጣሊያን ውስጥ ካታኒያና ፓሌርሞ በተጫወቱበት ምሽት በተነሣ ረብሻ አንድ ፖሊስ ሞተ። መንግሥት የደኅንነት መስፈርት ያላሟሉ ስታዲየሞች በራቸውን ዘግተው እንዲያጫውቱ አዘዘ፤ ያሟሉት ሕዝብ እያስገቡ ቀጠሉ። ፔተርሶን-ሊድቦምና ፕሪክስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን አጋጣሚ ያዙት። ያንኑ ተጫዋች ሕዝብ ባለበትና በሌለበት፣ ያንኑ ዳኛም እንዲሁ እያነጻጸሩ መዘገቡ። ተጫዋቾቹ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። የተለወጠው ዳኛው ነበር። ሕዝብ ሲኖር እንግዳው ቡድን ላይ ይከብድ የነበረው ፊሽካና ካርድ፣ ሕዝቡ ሲጠፋ ባለሜዳውንም እኩል ማግኘት ጀመረ።

ከ13 ዓመት በኋላ ኮሮና መጣና የጣሊያኑ ሁኔታ የዓለም ሁሉ ሆነ። የጀርመኑ ቡንደስሊጋ ግንቦት ላይ በባዶ ስታዲየም ሲመለስ ሰው የአሰልጣኞችን ንግግር በቴሌቪዥን ቁልጭ አድርጎ ይሰማ ነበር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የ2020/21 ውድድር፣ ከጥቂት ጨዋታዎች በቀር፣ ያለ ተመልካች ተካሄደ። ከ380 ጨዋታዎች ባለሜዳዎቹ 144 ሲያሸንፉ እንግዶቹ 153 አሸነፉ። በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ እንግዳ ከባለሜዳ በልጦ አያውቅም ነበር። ሊቨርፑል በሜዳው 68 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆይቶ፣ በዚያ ዓመት አንፊልድ ላይ በተከታታይ 6 ጊዜ ተረታ። ቫን ዳይክን ጨምሮ ተከላካዮቹ ተጎድተውበት ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በባዶ ወንበር ማሳበብ ልክ አይደለም። ግን ቀይ ለብሶ የሚዘምረው ያ ሕዝብ ቢኖር ስድስቱንም ይሸነፍ ነበር ብሎ የሚከራከር የሊቨርፑል ደጋፊ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

እንግዲህ ዳኛው ላይ እናተኩር፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ኔቪል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሊቨርፑልና ሌስተር አንፊልድ ላይ ያደረጉትን ጨዋታ ቀርጸው ለ40 ዳኞች አሳዩ። 47 ንክኪዎችን እያዩ «ጥፋት ነው ወይስ አይደለም?» ብለው እንዲፈርዱ ጠየቋቸው። ገሚሶቹ ከነጩኸቱ ተመለከቱ፤ ገሚሶቹ ድምፁ ተዘግቶ። ጩኸቱን የሰሙት ባለሜዳው ላይ የፈረዱት ጥፋት በ15.5 በመቶ አነሰ። ዳኞቹ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የሚሰድባቸው የለም፣ መኪናቸውን ከበው የሚጠብቋቸው ደጋፊዎች የሉም። ሆኖም የቪዲዮ ጩኸት ብቻውን ፍርዳቸውን አዘነበለው። አዘነባበሉም ልብ ይባል፤ ጩኸቱ እንግዳውን አብዝተው እንዲቀጡ አላደረጋቸውም፤ ባለሜዳውን ለመቅጣት እንዲያመነቱ ነው ያደረጋቸው።

ለምን? ዳኛው ንክኪውን የሚያየው ለቅጽበት ነው፤ አንዳንዴም ሦስት ሰው ከልሎት። በዚያች ቅጽበት አእምሮው ያገኘውን ፍንጭ ሁሉ ይሰበስባል፤ የወደቀው ሰው አወዳደቅ፣ የኳሷ አቅጣጫ፣ ያጠፋው ተጫዋች ፊት። ከነዚህ ጋር ሠላሳ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ «ኧረ!» ሲል ያም ያልተጠራ ምስክር ሆኖ ይገባል። ምስክርነቱ ግን ጎደሎ ነው፤ ሕዝቡ የሚመሰክረው የራሱ ልጅ ሲመታ ብቻ ነው። የራሱ ልጅ ሲማታ ዝም ይላል፤ ዳኛውም ያን ዝምታ ሳያውቀው «ምንም አልሆነም» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህ ጉቦም አድልዎም አይደለም። ታማኝ ሰው በጥርጣሬ ላይ ሳለ ጆሮው ለዓይኑ የሚያደርግለት እርዳታ ነው።

ስለዚህ ጩኸት የሚሠራው ጥርጣሬ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ለዚህ ምሳሌው በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ያየነው ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫው ከዛምቢያ ጋር ስትጫወት በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከየከተማው ተጠራርተው ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አለበሱት። የሰው አገር ሜዳ የእኛ ሆነ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ በሠራው ጥፋት ሲባረር ያ ሁሉ ሕዝብ ጮኸ፣ ቩቩዜላም ወረወረ፤ ቀይ ካርዱ ግን አልተመለሰም። ጥፋቱ ግልጽ ስለነበር ጩኸቱ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። በ10 ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 መውጣቱን የሚያስታውስ ሁሉ የዚያን ሕዝብ ድምፅ አብሮ ያስታውሳል።

ዳኛው በሚጨምረው ሰዓት ላይም እንዲሁ ነው። በስፔን ሊግ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ባለሜዳው በ1 ግብ እየመራ ሲያልቅ የሚጨመረው ደቂቃ ወደ 2 ሲጠጋ፣ በ1 ግብ ሲቀደም ግን ወደ 4 ይደርሳል። ጨዋታው ካለቀለት፣ ማለትም ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ፣ ይህ ማዘንበል አይታይም። ርቀትም ለውጥ ያመጣል፤ ጀርመን ውስጥ በሜዳውና በመቀመጫው መካከል የመሮጫ ትራክ ባለባቸው ስታዲየሞች ይህ ማዘንበል ቀለል ብሎ ተገኝቷል። የአዲስ አበባ ስታዲየምም ትራክ አለው። ካታንጋ ያን ሁሉ ይጮኽ የነበረው ምናልባት ድምፁ ትራኩን መሻገር ስለነበረበት ይሆናል።

ተጫዋቹስ? ጣሊያኖቹ አልተለወጡም ብለናል። ይህ ማለት ሰው ሰው እያየው ሲሠራ ለውጥ የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ፑል ቤት ውስጥ የተደረገ ነው። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ተጫዋቾቹ ከመቷቸው ኳሶች ስንቱ እንደገቡ ከሩቅ ሆነው ሳይታወቁ ቆጠሩ፤ ቀጥሎ 4 ሆነው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። ጎበዞቹ ከ71 በመቶ ወደ 80 በመቶ ከፍ አሉ፤ ደካሞቹ ከ36 ወደ 25 ወረዱ። ሮበርት ዛየንስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ምክንያቱን ቀደም ብሎ በ1965 አስቀምጦት ነበር፤ የሚያየው ሰው ሲኖር ገላ ይነቃቃል፣ የተነቃቃ ገላም መጀመሪያ የሚመጣለትን ያደርጋል። ሥራውን አጥንቶ ለጨረሰ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ትክክለኛው ነው፤ ላልጨረሰ ሰው ስሕተቱ ነው። ዛየንስ ይህንኑ በበረሮዎች ላይ እንኳ ሞክሮታል። ሌሎች በረሮዎች እያዩዋቸው ቀጥ ያለውን መንገድ ፈጥነው ሮጡ፤ መታጠፊያ ያለው መንገድ ላይ ግን ዘገዩ።

የጣሊያን ሴሪአ ተጫዋች በሕዝብ ፊት ያደገ ነው፤ ለእሱ ጩኸቱ የዘወትር ነገር ነው። ገና ከታዳጊ ቡድን የወጣ ልጅ ግን ፑል ቤት ካሉት ደካሞች ወገን ሊሆን ይችላል። ይህ ደጋፊ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ይመስለኛል። የራሳችን ወጣት ተከላካይ አንድ ኳስ ሲያበላሽ የምናሰማው ጩኸት ቀጣዩን ኳስ እንዲያበላሽ የሚገፋ ኃይል አለው። አዲስ ሆኖ የገባን ልጅ በጭብጨባ መቀበል ደግነት ብቻ አይደለም፤ የኳስ ሥራ ነው።

ወደ ሌላ ቤት እንሻገር። ተመልካች ሥራው ውስጥ በእጁ፣ በአፉና በኪሱ ጭምር የሚገባበት ቦታ ከፈለጉ ከአዝማሪ ቤት የሚስተካከል ያለ አይመስለኝም። ካዛንቺስ ለብዙ ዓመታት በዚህ የታወቀ ሰፈር ነበር፤ ጎንደርና ባሕር ዳርም አሉ። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን እንዳፈረ በዓይኑ ይለቅማል፤ ያንንም ወዲያው ግጥም ያደርገዋል። እስከዚህ ድረስ ሥራው የእሱ ነው። ከዚያ አንዱ እንግዳ «ተቀበል!» ይላል። ከዚህ ቅጽበት ጀምሮ ግጥሙ የተመልካቹ፣ ዜማው የአዝማሪው ነው። እንግዳው ስንኙን ይወረውራል፤ አዝማሪው ሳይዛነፍ በዜማው ውስጥ ያስገባዋል። የተነካው ወገን ዝም አይልም፤ እሱም በተራው «ተቀበል!» ብሎ መልስ ይልካል። ብሩ አዝማሪው ግንባር ላይ ሲለጠፍ ያ የጥበቡ ዋጋ ነው፤ ለሌላውም «ይቺ አርፋለች» የሚል ምልክት ነው።

ሰምና ወርቅ ሲጨመር ደግሞ ተመልካቹ ያለ ሥራ መቀመጥ አይችልም። ስንኙ ሲሰማ አንዳንዱ ወዲያው ይስቃል፣ አንዳንዱ ትንሽ ቆይቶ፣ አንዳንዱ ጓደኛው ጆሮው ላይ ካንሾካሾከለት በኋላ። አዝማሪው ይህን ሁሉ ይሰማል። የሳቁ መዘግየት ወርቁ ምን ያህል እንደጠለቀ ይነግረዋል፤ ቤቱ የሚችለው ምን ዓይነት ቅኔ እንደሆነ በዚያ ይለካና ቀጣዩን በዚያው ልክ ይሰጣል። ጎበዝ ቤት ጎበዝ አዝማሪ ያወጣል። ይህንኑ ዘፈን ስቱዲዮ ገብተው ሲቀዱት አንድ ነገር የሚጎድለው ለዚህ ነው፤ ከደራሲዎቹ ገሚሱ አብረው አልገቡም።

ትያትር ቤት ውስጥ ተመልካች ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ያም ሆኖ ይሠራል፤ መጀመሪያ በገላው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተሠርቶ መምህር ሲናገርበት ቃሉ ከ5 ሰከንድ በላይ እየጮኸ ስለሚቆይ የሚሰማ ጠፋ። ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር ማታ ማታ ከአንድ ትያትር ቤት የወንበር ትራስ እያመጣ፣ ስንት ትራስ ድምፁን በስንት እንደሚያሳጥረው ለካ። ሰውም እንደ ትራስ ድምፅ ይመጥጣል፤ ልብሱና ገላው የተረፈውን ማሚቶ ውጠው ቃሉን ጥርት ያደርጉታል። ተዋንያን ከሰዓት በኋላ በባዶ አዳራሽ ተለማምደው ማታ በሞላ አዳራሽ ሲጫወቱ ድምፃቸው ሌላ የሚሆንባቸው ለዚህ ነው።

ከዚያ ጭብጨባው ይመጣል። ጭብጨባ ለሥራው ጥራት የሚሰጥ ዋጋ ይመስለናል፤ አብዛኛው ግን ከጎረቤት የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ተማሪዎች አጭር ገለጻ ሰምተው ሲያጨበጭቡ ቀርጾ ተመልክቶ፣ አንድ ሰው እጁን የሚያነሣው ዙሪያው ስንት ሰው እያጨበጨበ እንዳለ እየሰማ መሆኑን አሳየ። የሚያቆመውም እንዲሁ ነው። ገለጻው ጥሩ መሆኑና አለመሆኑ በጭብጨባው ርዝመት ላይ አልታየም። በ19ኛው መቶ ዘመን የፓሪስ ትያትር ቤቶች ይህን አስቀድመው ስለተረዱ በክፍያ የሚያጨበጭቡ፣ በክፍያ የሚስቁ፣ በክፍያ የሚያለቅሱ ሰዎች በተመልካቹ መካከል ያስቀምጡ ነበር።

ደግሞ ሁሉም በአንድ ምት ማጨብጨብ የሚጀምርበት ጊዜ አለ። ሃንጋሪና ሮማኒያ ውስጥ ጣሪያ ላይ ማይክራፎን ሰቅለው ያጠኑት ሰዎች ምስጢሩን አገኙ። በደስታ ፈጥኖ የሚያጨበጭብ ሕዝብ አይገጥምም፤ የየሰው ፍጥነት በጣም ይለያያል። ሁሉም ፍጥነቱን በግማሽ ሲቀንስ ልዩነቱ ይጠብባል፣ ምቱም ይገጥማል። ግን ዝግታው ድምፁን ስለሚያሳንሰው ሕዝቡ እንደገና ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ይበተናል፤ ተበትኖ ይዘገያል፤ እንደገና ይገጥማል። አስተባባሪ የለውም።

ይህ ሁሉ ተመልካቹ ሌላው ላይ የሚያደርገው ነው። እሱ ላይ የሚደርሰው ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሳን ፔድሮ ማንሪኬ በምትባል የስፔን መንደር በየዓመቱ በዮሐንስ በዓል ዋዜማ ሰዎች በባዶ እግራቸው ፍም ላይ ይራመዳሉ። ተመራማሪዎች የተራማጆቹንና ተቀምጠው የሚያዩትን ሰዎች የልብ ምት ለኩ። የተራማጁ ዘመዶችና ወዳጆች ልብ ከእሱ ልብ ጋር አብሮ ወጣ፣ አብሮ ወረደ። ለማየት ብቻ የመጣ እንግዳ ሰው ልብ ግን አልተከተለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ፣ ሙኒክና አካባቢዋ ውስጥ የጀርመን ቡድን በተጫወተባቸው ቀናት በድንገተኛ የልብ ሕመም ሐኪም የጠሩ ሰዎች ከወትሮው 2.66 ጊዜ በዙ። ከነዚህ ብዙዎቹ ስታዲየም አልነበሩም።

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ አርሴናልን የሚያይ ልጅ ለንደን ያለውን ዳኛ ሊያዘነብል አይችልም። ልቡ ግን ለንደን ነው፤ እንደዚያች መንደር ዘመድ ልብ። ልጆቻችን ለምን የሰው አገር ክለብ ይደግፋሉ ብለው የሚቆጡ ሽማግሌዎች አሉ። ቁጣው አይገባኝም፤ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለዚያ ልብ ድምፁ የሚሰማበት ሜዳ በቅርቡ አለመኖሩ።

ምክንያቱም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችን ሁሉ በተመረጡ ከተሞች በዙር እየሰበሰበ ሲያጫውት ቆይቷል። በዚያ ዓመት ውድድሩ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተካሄደ፤ ፋሲል ከነማ ሻምፒዮን ሆነ። ለቴሌቪዥን ሥርጭትና ለወጪ ይህ አሠራር የራሱ ጥቅም አለው። ግን «ባለሜዳ» የሚባለው ቡድን አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ብቻ ባለሜዳ ሆነ። የጎንደር ደጋፊ ቡድኑን ለማየት ሌላ ከተማ መጓዝ አለበት፤ አቅም የሌለው ቤቱ ይቀራል።

አንድ ነገር ቢደረግ ደስ ይለኛል። ዙሩ ባሕር ዳር ሲደርስ የባሕር ዳር ክለብ በሕዝቡ ፊት ይጫወታል፤ ዙሩ ሌላ ከተማ ሲሄድ ያው ክለብ ያለ ሕዝቡ ይጫወታል። ያው ተጫዋች፣ ያው አሰልጣኝ፣ ያው የዳኞች ስብስብ። የጨዋታ ሪፖርቶቹ ውስጥ ካርዱ፣ ቅጣት ምቱና የተጨመረው ደቂቃ ተጽፏል። ጣሊያን ውስጥ በአንድ ክፉ ምሽት ሳቢያ የተገኘውን ዓይነት መረጃ እኛ ለዓመታት እየሰበሰብነው ቆይተናል። የስፖርት ሳይንስ ወይም የስታቲስቲክስ ተማሪ የሆነ አንድ ልጅ መዝገቡን አስፈቅዶ ቢቀመጥ፣ የእኛ ጩኸት በእኛ ዳኛ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር ሊነግረን ይችላል።